አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩት

ዛሬ ስለ ኩርፊያ ልጽፍ ነው። ስለ ፍቅር ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ግን የእኔና የባለቤቴ ፍቅር ሊያልቅ የነበረው በጠብ አይደለም፣ በዝምታ ነው። ዝም የምለው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የምሠራው አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል ነው። ባለቤቴ አጋሮ ያስተምራል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በየቀኑ በሚኒባስ መመላለስ ኪስንም ጉልበትንም ይጎዳል። ስለዚህ እዚያ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሰኞ ንጋት ላይ ይሄዳል፣ ዓርብ ማታ ይመጣል። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እንዲህ ላለ ትዳር ስልክ እንደ ምሰሶ ነው። ማታ ማታ ካልተደዋወልን ሳምንቱ ባዶ ይሆናል። እኔ ደግሞ ስከፋ መጀመሪያ የማደርገው ስልክ አለማንሳት ነበር።

ይህን ከየት አመጣሁት ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ከአባቴ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። እጁን አንስቶ አያውቅም፣ አይሳደብም። ግን ያኮርፍ ነበር። ልጅ ሆኜ አንዴ ሁዳዴ ሲገባ እናቴን ተቀየማትና ጾሙን ሙሉ አላናገራትም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እኛ ልጆቹ መልእክተኞች ሆንን። «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው።» «ለእናትሽ በርበሬ ተገዝቷል በያት።» የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ዶሮው ሲቀርብ አባቴ ቆርሶ እናቴን አጎረሳት። አለቀ። ስለሆነው ነገር አንድ ቃል አልተነሳም። እናቴም አልጠየቀችም፣ ደስ ብሏት ጎረሰች።

ያኔ እኔም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ግን እዚያ ቤት እርቅ አይቼ አላውቅም። ያየሁት መርሳትን ነው። ሰው ሲከፋው ምን ብሎ እንደሚናገር፣ የበደለው ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አልሰማሁም። ስለዚህ ሳገባ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ፊቴን አጠቁራለሁ። «ምን ሆንሽ?» ስባል «ምንም» እላለሁ። ከዚያ እሱ እንዲያውቅልኝ እጠብቃለሁ። ካላወቀልኝ ይብስብኛል።

በ2011 ነው የተጋባነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩርፊያዬ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ነበር። ባለቤቴ ይለማመጠኛል፣ ያስቀኛል፣ ይቀራል። ቀስ በቀስ ቀኑ ረዘመ። ልመናውም ቀነሰ። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። መለመን ያቆመ ሰው ኩርፊያውን ለምዶት ላይሆን ይችላል፣ ተስፋ መቁረጥ ጀምሮ ይሆናል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ያን ክረምት ያሳለፍነው በባልዲና በሳፋ ነበር። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የቤታችን ቆርቆሮ ዝጓል፣ ማታ ማታ ጠብ ጠብ የሚለውን እየሰማን ነው የምንተኛው። ስለዚህ የባለቤቴ ዕቁብ ሲወጣ ጣሪያውን እንቀይራለን ብለን ተስማማን። 60 ሺህ ብር ነው። አናጢም አናግሬ ነበር። አንድ ሐሙስ ቀን አማቴ ደወሉልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ልብ የት ይገኛል» አሉኝ። ግራ ገባኝ። ለካ ባለቤቴ የዕቁቡን ብር ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶታል፣ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ። አማቴ ሁለታችን ተመካክረን ያደረግነው መስሏቸው እኔን ያመሰግናሉ። «ምንም አይደል እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓርብ ማታ መጣ። አላናገርኩትም። እሱም ምክንያቱን ገምቷል መሰለኝ አልጠየቀኝም። ቅዳሜና እሑድ በልጃችን በኩል ተነጋገርን። «ለአባባ ቡና ፈልቷል በይው» ስል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ሰማሁና ግን አልተውኩም። ሰኞ ንጋት ላይ ሄደ። እንደተኛሁ ሆኜ በሩ ሲዘጋ አዳመጥኩ።

በዚያ ሳምንት ያደረግኩትን ሁሉ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት። «አታንሺለት፣ ይማር!» አለችኝ። ክፉ ብላ አይደለም፣ ወዳኝ ነው። በቴሌግራም ፕሮፋይሌ ላይ ስለ ክህደት የሚያወራ ጥቅስ ለጠፍኩ። እሱ እንዲያየው ነው። ለእሱ በስልክ መናገር ያቃተኝን ነገር ለሦስት መቶ ሰው አሳየሁ። ማታ ሲደውል ስልኩን ፊቴ ላይ አስቀምጬ ጠርቶ ጠርቶ እስኪዘጋ አየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሲደውል ያሸነፍኩ ይመስለኛል። ኩርፊያ ይህ ጣዕም አለው፣ ለዚህም ነው ለመተው የሚከብደው።

ሐሙስ ሌሊት አራት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ዓርብ ማታ አልመጣም፣ ስልክም አልደወለም። ይብስ እሱ አኮረፈ ብዬ ተናደድኩ። ቅዳሜም ዝም። እሑድ ጠዋት፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አጋሮ ያሉት አከራዩ ናቸው፣ ትልቅ ሴት። «ልጄ፣ ባልሽ ታሟል። ወባ ነው። አትንገሪያት፣ አታስጨንቂያት ብሎኝ ነው እንጂ ቀደም ብዬ እደውል ነበር» አሉኝ።

ልጄን ጎረቤት አስቀምጬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ጥቅምት የቡና ለቀማ የሚጀመርበት ወቅት ነው። ከየቡ ከተማ ወዲያ በመንገዱ ዳርና ዳር ቀዩ እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ሴቶች እያገላበጡ መጥፎውን ይለቅማሉ። ሌላ ጊዜ ያንን መንገድ እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን በቃ አይደርስልኝም። ሐሙስ ሌሊት አራቱንም ጊዜ ስልኩ ሲጠራ እጄ ላይ እንደነበር ብቻ ነው የማስበው።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። አጎበሩን ወደ ላይ ጠቅልሎ ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቋል። አጠገቡ ባለችው ባርጩማ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ፣ ግማሽ የተጠጣ አጥሚትና ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት አለ። ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፣ አራት አራት ፍሬ። የቀረው አራት ፍሬ ብቻ ነበር። ከሥሩ የተቀደደ የደብተር ሽፋን አለ። የተማሪ ፈተና በሚያርምበት ቀይ እስክሪብቶ የወሰደበትን ቀንና ሰዓት አንድ በአንድ ጽፏል። ዓርብ ጠዋት፣ ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ጠዋት። አንዳንዱ ጽሑፍ ተንጋዷል፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ የጻፈው ነው። የሚያስታውሰው ሰው አልነበረማ።

ዓይኑን ገለጠ።

«መጣሽ?» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ደወልኩ እኮ።»

ሌላ ነገር አላለም። አልወቀሰኝም። የሚቀጥለውን መድኃኒት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ሰጠሁት፣ በቀዩ እስክሪብቶም እኔ ጻፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስቀመጥ ስነሳ አደርኩ። ደህና ሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባይሆንስ? ይህን ጥያቄ እስከ አሁን ሙሉ በሙሉ ላየው አልደፍርም።

ስለ ብሩ ያወራነው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ጅማ መጥቶ ሲያገግም። እንደተበደልኩ አሁንም አምናለሁ። አብረን የወሰንነውን ብር ብቻውን ሰጥቷል፣ ይህ ስህተት ነው፣ እሱም አምኖ ይቅርታ ጠይቆኛል። ግን እንዲህ ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። «ፊትሽ ሲጠቁር እፈራለሁ። ብነግርሽ ታኮርፊያለሽ፣ ባልነግርሽም ስታውቂ ታኮርፊያለሽ። ቢያንስ እስክታውቂ ድረስ ሰላም አገኛለሁ ብዬ ነው።» እኔ የማኮርፈው ስለሚደብቀኝ ነበር። እሱ የሚደብቀኝ ስለማኮርፍ ነበር። ለስንት ዓመት እንዲህ ስንዞር እንደኖርን አላውቅም።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሆዴን ነገርኩት። ያበገነኝ ብሩ አይደለም አልኩት። አማቴ ሲያመሰግኑኝ በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ። ይህን ለመናገር አሥራ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ሲነገር ግን አንድ ደቂቃም አልሞላም።

ጎረቤታችን እማማ ሙስሊም ናቸው። ያን እሑድ ልጄን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ቡናቸው ላይ የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ሁለተኛውን እየቀዱ «አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «በእኛ በኩል ሐዲስ አለ። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሊያኮርፈው አይፈቀድለትም። ሲገናኙ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ፊቱን ያዞራል። ከሁለቱ የሚበልጠው ቀድሞ ሰላም የሚለው ነው።» እኔ ደግሞ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው የኤፌሶን መልእክት ትዝ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው። ለካ ለእኔ የተባለ አልመሰለኝም ነበር።

ቀድሞ ሰላም የሚለው ይበልጣል የሚለው ቃል ግን ውስጤ ቀረ። እኔ ሁልጊዜ ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ ብዬ ነበር የማምነው።

አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወዳጅ አለችኝ። እሷ ደግሞ በሌላ መንገድ አስረዳችኝ። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን እየለካ ለብዙ ዓመት አጥንቷል። ትዳርን ይበላሉ ካላቸው አራት ነገሮች አንዱ ይኸው እንደ ግድግዳ ዝም ማለት ነው። የቀሩት የሰውየውን ማንነት የሚነካ ነቀፋ፣ ንቀትና ሁልጊዜ ራስን መከላከል ናቸው። በእሱ ጥናት ብዙውን ጊዜ ዝም የሚሉት ወንዶች ናቸው፣ እኛ ቤት ግን እኔ ነኝ። የጠቀመኝ ይህ ነው፦ ሰው ሲናደድ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ካለፈ በደንብ መስማትም ማሰብም ይከብደዋል። እስኪበርድለት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዝም ማለት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰውነቴ የሚፈልገው ሃያ ደቂቃ ነበር፣ እኔ ግን አሥራ አንድ ቀን ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ለመለወጥ ሞከርኩ። መጀመሪያ አልሆነም። ኅዳር ላይ በአንድ ነገር ተከፋሁና «አሁን አልችልም፣ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ጥሩ ጅምር መሰለኝ። ከዚያ ተኛሁ። በማግስቱም ምንም አላልኩ። በሦስተኛው ቀን «ጊዜ ስጠኝ ማለትም ኩርፊያ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ልክ ነበር። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ጊዜ የጠየቀው ሰው ሰዓቱን ይናገራል። «ተከፍቻለሁ። አሁን ካወራሁ ክፉ ቃል ይወጣኛል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እነግርሃለሁ።» ሰዓቱ ሲደርስ መጥቶ የሚጀምረው ያው የጠየቀው ሰው ነው። ሌላው አይለምንም፣ አይከታተልም። እስከዚያ ስልክ ይነሳል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ምግብ አብሮ ይበላል። ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ሆዴ እየነደደ «እንዴት ዋልክ» ማለት ማስመሰል መስሎኝ ነበር። ግን «ተከፍቻለሁ» ካልኩ በኋላ ሰላም ማለት ማስመሰል አይደለም። መከፋቴን ታውቃለህ፣ እስከዚያው ግን አለሁ ማለት ነው።

የሚነገረውንም አሳጠርኩት። ድሮ አንዴ ከጀመርኩ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ያለውን ነው የማወጣው። አሁን አንድ ነገር፣ የሆነበት ቀን፣ ምን እንደተሰማኝ፣ ምን እንደምፈልግ። «ሐሙስ ለእናትህ ስትነግር እኔ አልሰማሁም። ተናቅሁ። ቀጥሎ ብር ከመውጣቱ በፊት ንገረኝ።» አበቃ። መልሱ ደስ ባይለኝ እንኳ ንግግሩ የቆመበት ቦታ ይታወቃል።

ዓርብ ማታ ሲመጣ ቡና አፈላለሁ። ይህን ሳናስበው ነው የለመድነው። አቦል ላይ የሳምንቱን ወሬ እናወራለን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መጋዘኑን፣ ልጅቷን። ቶና ላይ የከፋን ነገር ካለ ይነሳል። በረካ ሳይጠጣ ማንም አይነሳም። ሁልጊዜ አይሳካም። መብራት ይጠፋል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እሱ ደክሞት ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። አንዳንዴ ቶና ላይ የተጀመረው ነገር በረካ ላይ ያፋጀናል፣ ለእሑድ ይቀጠራል። ግን ቀጠሮ አለው።

በሥራዬ ከማየው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሸት ቡና ተለቅሞ ሲመጣ ወዲያው ስስ ተደርጎ አልጋ ላይ መሰጣት አለበት። ቶሎ ቶሎም ይገላበጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው ጀንፈል ይሆናል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ማለት ነው። ተከምሮ ካደረ ግን እጅህን ስትሰድበት ውስጡ ይሞቃል። ይሻግታል። ቡናው ከጥሩ ዛፍ የተለቀመ ሊሆን ይችላል። አቅማሽ ግን ዛፉን አያይም፣ ስኒው ውስጥ ያገኘው የሻገተውን ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከምሬ ነበር የማሳድረው። ሽማግሌዎች «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ። ጆሮዬ ግን የሚይዘው «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህን የጻፍኩት ተናግረው መሰማት ለሚችሉ ሰዎች ነው። ዝም የምትይው ብትናገሪ ስለሚመታሽ ከሆነ፣ ያ ኩርፊያ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። የእኔ ቶናና ቀጠሮ ለዚያ አይሆንም። ለምታምኚው ዘመድ ተናገሪ፣ ወደ ሕግ ሂጂ፣ ብቻሽን አትሁኚ። ባለቤቴ ፊቴን ይፈራ ነበር እንጂ እኔ እሱን ፈርቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ነው የተረፍነው።

ያለንበትን ጠይቃችሁኝ ለምታውቁ ወዳጆቼ፦ ወንድሙ በባጃጁ እየሠራ ግማሹን ብር መልሷል። የጣሪያውን ግማሽ ቀየርን፣ የመኝታ ቤቱን። የጅማ ዝውውር ጠይቋል፣ ገና አልመጣለትም። ልጃችን ትምህርት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እርሳሷን ወሰደችባትና ቤት መጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደነገጥኩ። ኩርፊያውን ከኔ ነው የተማረችው። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና «ከፍቶሻል አይደል? አሁን ልትነግሪኝ ትፈልጊያለሽ ወይስ እራት ከበላን በኋላ?» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ሳታዞር «ከእራት በኋላ» አለችኝ። ከእራት በኋላ ነገረችኝ። እስኪያልቅ ሰማኋት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ገበያ ነበር፣ ትርምሱ፣ ዝናቡ፣ መጋዘኑም ሚዛን ላይ ወረፋ በወረፋ። በዚህ ሁሉ መሀል ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ነገር ትከነክነኛለች። ትናንት ማታ በስልክ ስለ እናቴ የተናገራት ቃል ናት። ድሮ ቢሆን ማታ ሲደውል ስልኩን ፊቴ ላይ አስቀምጬ አየው ነበር። ቅድም ከሥራ ስወጣ እኔው ደወልኩለት።

«ነገ ቶና ላይ የማወራህ ነገር አለ» አልኩት። «አትጨነቅ፣ ትንሽ ነገር ናት።»

ዝም አለ። ከዚያ «እኔም አለኝ» አለኝ።